መጥፎ ዜና ቀድሞ ይድረሳችሁ

ፕሮጀክት መምራት ለጀመራችሁ ወጣቶች፦

የጊዜ ሰሌዳ ማውጣት፣ በጀት መከታተልና ሶፍትዌር መጠቀም በሥልጠና የሚገኙ ችሎታዎች ናቸው፤ ሳትንቁ ተማሯቸው። በሥራ ዘመኔ ከሁሉ ከብዶ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ የተበላሸ ነገር ገና ሊቃና በሚችልበት ሰዓት ሰዎች ደፍረው እንዲነግሯችሁ ማድረግ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለፕሮጀክትም ይሠራል።

የአሜሪካዋን የጠፈር መንኮራኩር የቻሌንጀርን ታሪክ አንብቡ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1986 መንኮራኩሯ ልትነሳ አንድ ሌሊት ሲቀራት፣ ሮኬቶቿን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች ቅዝቃዜው መጋጠሚያዎቹን የሚያሽጉትን የጎማ ቀለበቶች ያደነድናቸዋል ብለው በረራው እንዲዘገይ አሳስበው ነበር። በዚያው ምሽት የገዛ አለቆቻቸው አቋማቸውን ቀየሩ፤ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያም የመጨረሻውን ውሳኔ ለሚሰጡት ሰዎች አልደረሰም። በማግስቱ መንኮራኩሯ በተነሳች በ73 ሰከንድ ተሰባበረች፤ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። እውቀቱ ነበረ፤ መንገድ ላይ ቀረ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

ኃላፊነት ስትረከቡ ባልደረቦቻችሁ መጀመሪያ የሚያጠኑት ፊታችሁን ነው። መዘግየትን ደፍሮ የተናገረው የመጀመሪያው ሰው በስብሰባ መካከል ከተዘለፈ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚቀርብላችሁ ሪፖርት ሁሉ ያማረ ይሆናል። ያን ጊዜ ፍሩ።

«ዘጠና በመቶ ተጠናቋል» የሚል መልስ አይብቃችሁ። ምን እንደቀረ፣ ማን ማንን እየጠበቀ እንደሆነ ጠይቁ። ወሳኙን የሥራ መስመርም፣ ማለትም አንዱ ሳያልቅ ቀጣዩ የማይጀምርበትን ረጅሙን የሥራዎች ሰንሰለት፣ ለይታችሁ እወቁ፤ እዚያ የባከነ አንድ ቀን የማጠናቀቂያውን ቀን በአንድ ቀን ይገፋዋል፣ ከዚያ ውጭ ባሉት ሥራዎች ግን መጠነኛ ፋታ አለ። ባልደረቦቻችሁ በየከተማው ሆነው በኢንተርኔት የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ዝምታቸውን እንደ ስምምነት አትቁጠሩት፤ ለየብቻ ደውሉላቸው።

ወደ ላይ መናገርም የእናንተ ዕዳ ነው። አለቆቻችሁ ዘንድ ስትገቡ ችግሩን ከነአማራጩ ይዛችሁ ግቡ፦ ከሥራው ምን ቢቀነስ፣ ጊዜው ምን ያህል ቢራዘም፣ ገንዘብ ቢጨመር ምን እንደሚገኝ። «ሰው እንጨምርላችሁ» ቢሏችሁ ቸኩላችሁ አታመስግኑ። አዲስ መጪዎቹን የሚያስተምሩት እነዚያው ጊዜ ያጠራቸው ሠራተኞች ናቸው። መነጋገሩም ይበዛል፤ በአምስት ሰዎች መካከል 10 የነበረው የጥንድ ግንኙነት በአሥር ሰዎች መካከል 45 ይሆናል። ይህን ስሌት ጽፋችሁ አቅርቡላቸው፤ ውሳኔው የእነሱ ቢሆንም እያወቁ ይወስኑ።