በሠራተኛ ቲኬት እየተመላለሱ ጎልድ መሆን ይቻላል?

ወንድሜ፣ «የምኖረው ለገጣፎ፣ አብራሪ ሆኜ የምሠራው ዱባይ ነው፤ በሠራተኛ ቲኬት ስመላለስ የሼባማይልስ ጎልድ እሆናለሁ ወይ?» ላልከው፣ መልሱ አትሆንም ነው። ሼባማይልስ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተደጋጋሚ ተጓዦች ፕሮግራም ነው፤ ጎልድ ደግሞ በበረራ በሚጠራቀም ነጥብ፣ ማለትም በማይል፣ የሚገኝ ከፍ ያለ ደረጃው ነው። በሠራተኛ ቅናሽ የተቆረጠ ቲኬት ማይል አያስቆጥርም። ኮክፒት ውስጥ ባለችው ትርፍ ወንበር መሄድም እንደዚያው ነው። ደረጃ የሚያስገኘው በገንዘብህ የገዛኸው መደበኛ ቲኬት ነው።

ቀጣሪህ ኤምሬትስ ከሆነ ደግሞ የየትኛውም የአየር መንገዶች ጥምረት አባል አይደለም። የእኛው አየር መንገድ ግን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታር አላያንስ በተባለው ጥምረት ውስጥ ስላለ፣ ጎልድ ስትሆን በሌሎቹ አባላት በረራም ላውንጅ (የተለየ ማረፊያ ክፍል)፣ ቅድሚያ መሳፈርና ተጨማሪ ሻንጣ ታገኛለህ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ወንበሩ ነው። ላውንጅ ደስ ይላል፤ ሥራ ለሚገባ ሰው ግን ከሁሉም በላይ የተረጋገጠ ቦታ ይበልጣል። በሠራተኛ ቲኬት አብዛኛውን ጊዜ የምትሳፈረው ቦታ ሲተርፍ ብቻ ነው። በገናና በፋሲካ ሰሞን አውሮፕላኑ ጢም ይላል፤ ያኔ የጎልድ ካርድ ብትይዝም ከፍሎ የገዛውን መንገደኛ አትቀድምም። ስለዚህ በዓል ሲቃረብ ጨክነህ ቲኬት ግዛ፣ የሼባማይልስ ቁጥርህንም ስትገዛ አስመዝግብ። ርካሹ ቲኬት የሚያስቆጥረው ማይል አነስተኛ መሆኑንም አትርሳ።

በሌላው ጊዜ ከሥራህ አንድ ቀን ቀድመህ ሂድ። ከለገጣፎ በሲኤምሲ እስከ መገናኛ ያለውን መጨናነቅ ታውቀዋለህ፤ ቦሌ ዘግይተህ ከደረስክ ቦታ ቢኖር እንኳ ያመልጥሃል። ደግሞም አብራሪ ነህ፣ አርፈህ መግባት አለብህ።