የአባትህን 80 ላንድክሩዘር ከመሸጥህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። በሁለት መስመር ልመልስልህ ብዬ ጀመርኩና አልሆነልኝም። ዛሬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ።

ያልከው ይህ ነው። አባትህ ለብዙ ዓመት የነዷት ናፍጣ 80 ላንድክሩዘር አለች (80፣ 100፣ 105 የምንለው የሞዴሉን ቁጥር ነው)፤ ሞተሯ 1ኤችዜድ የሚባለው ነው። ቦንጋ አካባቢ የቡና መሬት አላችሁ፣ ሥራው አሁን ባንተ ትከሻ ላይ ወድቋል። ጓደኞችህ «ሽጣት፣ ጨምረህ ቪኤይት ግዛ» ይሉሃል፤ 200 የምትባለውን ማለታቸው ነው። አንዱ 100 ይሻላል ብሎሃል፣ ሌላው 105። አንተ ደግሞ የቁጥሮቹን ልዩነትና የመኪናዋን ታሪክ ከሥሩ የሚያስረዳህ ሰው ፈልገሃል።

እኔ ላንድክሩዘር ስነዳ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። መጀመሪያ ለእርዳታ ሥራ፣ ኋላ ቱሪስት ይዤ። ሃርድቶፑም፣ 80ም፣ 105ም፣ 200ም በእጄ አልፈዋል። ኦሞን፣ ባሌን፣ ዳናክልን ያየሁት በእነሱ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ፤ አትሽጣት። ለምን እንደምልህ ግን ታሪኩን ካልሰማህ አይገባህም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኮሪያ ጦርነት ነው። በ1950 ጦርነቱ ሲፈነዳ ጃፓን ውስጥ የፖሊስ ተጠባባቂ ኃይል ተቋቋመ። ለእሱ የሚሆን ጂፕ መሰል መኪና ተፈለገ። ቶዮታ በ1951 ቢጄ የምትባል መኪና ሠርቶ ቀረበ። የገጠመላት የጭነት መኪና ሞተር ነው፤ 3.4 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ቤንዚን። የሞተሩ ጉልበት ስለሚበቃ ሎው ማርሽ፣ ማለትም ለዳገትና ለጭቃ ጉልበት የሚጨምረውን ዝቅተኛ ማርሽ፣ እንኳ አልሰጧትም። ተጠባባቂ ኃይሉ ግን የአሜሪካውን ኩባንያ የዊሊስን ጂፕ መረጠ። ቶዮታ ተስፋ አልቆረጠም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ኢቺሮ ታይራ የሚባል የቶዮታ ሾፌር ቢጄን ይዞ ፉጂ ተራራ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ ወጣ። ከዚያ በፊት መኪና እዚያ ደርሶ አያውቅም። ያንን የተመለከቱት የፖሊስ መሥሪያ ቤት ሰዎች መኪናዋን አዘዙ።

ስሟ በመጀመሪያ ቶዮታ ጂፕ ነበር። «ጂፕ» የሚለው ስም ግን የዊሊስ ንብረት ነው። ስለዚህ በ1954 ላንድክሩዘር ተባለች። ስሙን ያወጣላት ሃንጂ ኡሜሃራ የሚባል የቶዮታ ባለሙያ ነው። እንግሊዞች ላንድሮቨር አላቸው፤ የእኛም ስም ከእነሱ ያነሰ ክብር ሊኖረው አይገባም ብሎ ነው ያሰበው።

በ1955 20 የሚባለው ትውልድ ወጣ፣ ወደ ውጭ አገርም መላክ ተጀመረ። አውስትራሊያ ውስጥ ሌስሊ ቲስ የሚባል ተቋራጭ ለስኖዊ ተራሮች የኃይል ማመንጫ ሥራ አስገባቸው። ተራራ፣ ጭቃ፣ በረዶ፤ መኪና የሚፈተንበት ቦታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቶዮፔት ክራውን የምትባለው የቤት መኪና አልሳካ ስትል የቶዮታን ስም ይዛ የቆየችው ላንድክሩዘር ናት።

በ1960 40 መጣች። ሎው ማርሽ ያገኘነው ከእሷ ጀምሮ ነው። እስከ 1984 ድረስ ተሠራች። አሮጌ ፎቶ ላይ ክብ መብራትና ነጭ ጣሪያ ያላት አጭር ላንድክሩዘር ካየህ እሷ ናት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ቶዮታ አንዷን መኪና ሁሉንም ሥራ እንድትሠራ አላስገደዳትም። ቤተሰቡን ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ቤት የሥራ ቤት ነው፤ ከ40 ወደ 70 ይሄዳል። 70 በ1984 ወጥታ እስከ ዛሬ እየተመረተች ነው። እኛ ሃርድቶፕ የምንላት 78 እና ፒካፗ 79 የዚህ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለተኛው ቤት ሰፊ፣ ባለ ብዙ በር፣ ቤተሰብና ረጅም ጉዞ የታሰበበት ነው። በ1967 55 ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በ1980 60፣ ቀጥሎ 80፣ 100፣ 200፣ 300። ጓደኞችህ የሚከራከሩት በዚህ በሁለተኛው ቤት ውስጥ ነው። የሚያሳስተውም ይህ ነው። ትውልዱ ወደፊት በሄደ ቁጥር መኪናዋ ከሥራ ቤት እየራቀች ወደ ምቾት ሄዳለች። የአባትህ 80 ሁለቱ ቤቶች ገና ሳይራራቁ የተሠራች ናት።

ይህን በብረት ላሳይህ። 60 ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ (ተደራርቦ የታሰረ ጠፍጣፋ ብረት) ነበራት። ጠንካራ ናት፣ ግን ፒስታ ላይ አንጀት ታናውጣለች። 80 በ1989 ቶኪዮ ላይ ታይታ በ1990 ገበያ ስትወጣ ባሌስትራው ቀረ፤ በአራቱም ጎማ ላይ ሞላ ገባ። አክስሉ ግን ከፊትም ከኋላም አንድ ወጥ ሆኖ ቀረ። ሞላው ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ብዙ እንዲጓዝ ይፈቅዳል። አክስሉ ደግሞ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ብረት ስለሆነ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላውን ወደ መሬት ይጫነዋል። ጎማው መሬት ካልለቀቀ መኪናው ይሄዳል። ከዚህም በላይ ምን ያህል ብትጭናት ከፊት ዲፈረንሻሉ (አክስሉ ላይ ያለው፣ ጉልበቱን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክብ ቤት) ሥር ያለው ከፍታ አይለወጥም። ቦንጋ ክረምት ላይ፣ የጭነት መኪና ጎማ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታየዋለህ።

በ1998 100 መጣች። ቆንጆ መኪና ናት። በላንድክሩዘር ታሪክ የመጀመሪያው ቪኤይት ሞተር የገባው በእሷ ነው፤ 4.7 ሊትር ቤንዚን። ግን ከፊት ያለው አንድ ወጥ አክስል ወጣ። ግራና ቀኝ ጎማ ለየብቻ መንቀሳቀስ ጀመረ። አስፋልት ላይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ መሪው ይታዘዝሃል፣ ጉዞው አይደክምም። ጭነት ይዘህ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ግን የፊቱ አካል ወደ መሬት ይወርዳል፣ ሆዷ ድንጋይ ይነካል።

ቶዮታም ይህን ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው 105 የኖረችው። በዚያው የ100 ቆርቆሮ ሥር አሮጌውን አንድ ወጥ አክስል አስቀርተው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1ኤችዜድ ሞተር ጋር ሠሯት። ስለዚህ 105 ማለት የ100 ልብስ የለበሰች 80 ናት። ደላላ «100 ናት»፣ «105 ናት» ቢልህ አትከራከር። ጎንበስ በልና ከፊት ጎማው ጀርባ ተመልከት። ከጎማ እስከ ጎማ የሚሄድ ወፍራም ቧንቧ፣ ጫፉ ላይም ትልቅ የብረት ኳስ ካየህ 105 ናት። እኔ 105 ለስድስት ዓመት ነድቻለሁ። ለሥራ ግዛ ብትለኝ ከ80 ቀጥሎ የምጠራልህ እሷን ነው።

ስለ 1ኤችዜድም ልንገርህ፤ የእኔ ፍቅር እዚያ ላይ ነው። 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። ፓምፑ በሜካኒክ ነው የሚሠራው፣ በኮምፒውተር አይደለም። ፈጣን አይደለም። ሽቅብ ላይ ሚኒባስ ያልፍሃል። ባሌ ውስጥ ሳነቲ ስትወጣ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ጥቁር ጭስ ይለቃል። የመጀመሪያ ጊዜ ሲያጋጥመኝ ሞተሩ ሊሞት ነው ብዬ ደንግጬ አቆምኩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ፓምፑ ግን የሚልከው ናፍጣ ያው ነው፤ ሳይቃጠል የቀረው ጭስ ሆኖ ይወጣል። ማርሽ ቀንሰህ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ፣ ቀስ ብለህ ውጣ። ጎባ ስትወርድ ጭሱ ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን ይቅር አይልም፤ የታይሚንግ ቺንጋ፣ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስማማው ቀበቶ። ይህን በደንብ ስማኝ። ከዓመታት በፊት ከአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶ ስንሄድ የያዝኩት 105 ድንገት ዝም አለ። ጭስ የለም፣ ድምፅ የለም። አራት እንግዶች ከኋላ አሉ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። መኪናው ተጎትቶ አርባ ምንጭ ገባ። ክዳኑ ሲከፈት ቺንጋው ተበጥሷል፣ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ተጋጭተዋል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጋራዥ ከሦስት ወር በፊት «ቺንጋ ተቀይሯል» ብሎ ደረሰኝ ሰጥቶን ነበር። የወጣው ቺንጋ አርጅቶ የተሰነጣጠቀ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቺንጋ ሲቀየር አጠገቡ እቆማለሁ፣ አሮጌውንም በእጄ እቀበላለሁ። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። የአባትህ መኪና መቼ እንደተቀየረላት ካላወቅክ ዛሬ ቀይር።

ወደ ቪኤይት ልምጣ። እኛ አገር ቪኤይት ስንል 200ን ማለታችን ነው፤ በ2007 የወጣችውን። ናፍጣዋ 4.5 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር፣ ሁለት ቱርቦ ያላት ናት። አዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ እንደሷ የሚመች መኪና ነድቼ አላውቅም። ጉልበቷ አያልቅም። ግን ናፍጣ የምትረጨው በከፍተኛ ግፊት፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። ንጹሕ ናፍጣ ትፈልጋለች። አንተ ገጠር ውስጥ ማደያ ባዶ ሆኖ ከጀሪካን የምትቀዳበት ቀን ይመጣል። በዚያ ናፍጣ ውስጥ ውሃም አቧራም ይኖራል። 1ኤችዜድም ቆሻሻ ናፍጣ አይወድም፣ ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ መቀየር አለብህ። ግን ፓምፑና ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ቢበላሽ ጅማ ላይ የሚያድንልህ ሰው ታገኛለህ። የ200 ኖዝል ሲበላሽ ዋጋውንም ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ፍለጋውንም አስበው። ቤትህ አዲስ አበባ ቢሆን፣ ልጆች ይዘህ አስፋልት ላይ ብትውል 200ን ግዛ እልህ ነበር።

300ን የነዳሁት ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። በ2021 ወጣች። ቪኤይት ቀርቶ ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ6 ገባ፣ ባለ 10 ማርሽ ካምቢዮ ያላት አለች፣ ክብደቷ ከ200 በ200 ኪሎ ያህል ቀንሷል። አንድ ነገር ደስ ብሎኛል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2,850 ሚሊ ሜትር ነው። የአባትህም 80 ልክ ይኸው ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አልነኩትም። ለአገር መንገድ የሚስማማ ልክ አንዴ አግኝተውታል ማለት ነው።

አንዱ አስተያየት ላይ «የእርዳታ ድርጅት ሁሉ ለምን ላንድክሩዘር ብቻ ይይዛል?» ብሎ የጠየቀ አይቻለሁ። ብዙዎቹ ነጭ መኪናዎች የሚመጡት ጂብራልታር ካለው የቶዮታ መጋዘን ነው። ለተባበሩት መንግሥታትና ለእርዳታ ሥራ ሬዲዮ፣ የአየር መሳቢያ ቧንቧ፣ የአምቡላንስ ዕቃ እየገጠሙ የሚልኩት ከዚያ ነው። መኪናው በየአገሩ አንድ ዓይነት ሲሆን መለዋወጫውም፣ ሜካኒኩም፣ ሾፌሩም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። ገጠር ያለ ሜካኒክ 1ኤችዜድን ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው ለዚህ ነው። ያንተም 80 ከዚህ ትጠቀማለች።

ገበያውንም አስብ። ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ታግዷል። አንዴ የሸጥካትን መልሰህ በዚያ ዋጋ አታገኛትም።

ካቆየሃት በቅደም ተከተል ይህን አድርግ። መጀመሪያ ቺንጋው፣ ከነማጥበቂያ ኩሽኔታው። ቀጥሎ ራዲያተሩን አስወርደህ አሳጥብ። ይህ ሞተር ሙቀት አይችልም፣ አንዴ ከጋለ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ይሰነጠቃል። ናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለውን ውሃ በየሳምንቱ አፍስስ። ቱርቦ እንገጥምልህ የሚሉህ ይኖራሉ፤ እምቢ በል። ይህ ሞተር ለዚያ አልተሠራም፣ ፒስተኑን ያቃጥልብሃል። ጎማ ስትገዛ ሰፊ አትግዛ። ለቦንጋ ጭቃ ቀጠን ብሎ ጥርሱ የጠለቀ ይሻላል፣ ጭቃውን ቆርጦ ከሥር ጠንካራውን መሬት ይይዛል። አሸዋ ላይ ነው ነፋስ ቀንሰህ ጎማውን የምታሰፋው።

የመጨረሻው ያ የነገርኩህ የብረት ኳስ ነው፣ ከፊት ጎማው ጀርባ ያለው። ጭቃውን ብቻ ጠረግ አድርገህ በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሣና እዚሁ ለጥፍልኝ። ላዩ ላይ ስስ የግሪስ ሽፋን ብቻ ካለ ደህና ነው። ቀጭን ዘይት እየፈሰሰበት ጎማውን ካቆሸሸው ግን የዲፈረንሻሉ ዘይት አልፎ ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ክረምቱ ሳይገባ መፈታት አለበት፣ የትኛውን ዕቃ እንደምትገዛ እጽፍልሃለሁ።