ደም ቅዳ የሚሰነጠቀው ሲሞቅ ነው

ጥያቄ፦ በጅማ ዙሪያ ወረዳዎች የምሠራ የከብት አዳቃይ ባለሙያ ነኝ። የኮርማ ዘር የያዘውን ስትሮ ከፈሳሽ ናይትሮጅን አውጥቼ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ነክሬ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ እጠቀምበታለሁ። እዚሁ ጅማ ሕክምና የሚማረው ወንድሜ ግን ለንቅለ ተከላ የሚቀመጥ የሰው ደም ቅዳ እንዲህ ቢደረግ ይሰነጠቃል ይለኛል። ለምን?

መልስ፦ ወንድምዎ ልክ ነው። ስትሮው ሩብ ሚሊ ሊትር ብቻ የሚይዝ ቀጭን ቱቦ ስለሆነ ሙቀቱ ወዲያው መሃሉ ይደርሳል። ደም ቅዳ ግን ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ከረጢት ውስጥ የሚቀመጠውም ብዙ ፈሳሽ ተከቦ ነው። ከዜሮ በታች 120 ዲግሪን አልፎ ሲወርድ በበረዶው መካከል የቀረው ፈሳሽ እንደ መስታወት ይጠነክራል። በዚያ ሁኔታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከገባ ላዩ ሊለጠጥ ይሞክራል፣ ውስጡ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ግድግዳው ይተረተራል። ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል። አደጋው ከተሰፋ በኋላ የደም ግፊት ሲያርፍበት ነው።

ስለዚህ ማሞቁ ሁለት ፍጥነት አለው፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ በፍጥነት። ከረጢቱ ከናይትሮጅኑ ተን ወጥቶ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ወደሆነ ማቀዝቀዣ ይዛወራል፤ ሙቀቱ እስኪስተካከል ይቆያል። መስታወትነቱ እዚያ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ማዝገም ራሱ ጉዳት ነው፤ ትናንሾቹ የበረዶ ቅንጣቶች እየተዋሃዱ ያድጋሉና። ስለዚህ ከረጢቱ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ በረዶው ሊያልቅ ሲል ወዲያው ይወጣል።

ሲቀዘቅዝም ጥንቃቄ አለው። ሴሎችን ከበረዶ ጉዳት እንዲጠብቅ ለኮርማ ዘር ግሊሰሮል እንደሚጨመረው ሁሉ ለደም ሥር የተለመደው ዲኤምኤስኦ (DMSO) የተባለ ኬሚካል በ10 በመቶ መጠን ነው። በ4 ዲግሪ ይጨመራል፤ በሙቀት ሴሎችን ይመርዛል። ማቀዝቀዙ በደቂቃ 1 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስ ይሄዳል። ቢፈጥን ውሃው ከሴሉ ሳይወጣ ውስጡ በረዶ ይሠራል፤ እጅግ ቢዘገይ ደግሞ ሴሉ በጨው ክምችት ይጎዳል። ከቀለጠ በኋላ ዲኤምኤስኦው በአንዴ አይታጠብም፤ ውሃ በድንገት ገብቶ ሴሎቹን እንዳያሳብጥ በቀዝቃዛ ማጠቢያ ፈሳሽ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል።

ማስቀመጫውም ፈሳሹ ናይትሮጅን ሳይሆን ተኑ ቢሆን ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 በእንግሊዝ በወጣ ዘገባ፣ ፈሳሹ ውስጥ ከፈሰሰ ከረጢት ሄፓታይተስ ቢ ወደ ሌሎች ናሙናዎች ተላልፎ ሕሙማን ታመዋል። ከረጢቱ ድርብ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በተራ የቤተ ሙከራ ፍሪዘር ማስቀመጥ አይቻልም?

መልስ፦ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ጨርሶ አይሆንም፤ በረዶው ማደጉን አያቆምም። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪም ለጥቂት ጊዜ እንጂ ለዓመታት አያዋጣም። ለዓመታት የሚያስተማምነው ከዜሮ በታች 130 ዲግሪና ከዚያ በታች ነው።