ከባሕር መልስ ትከሻዬን ያመኛል፤ ብርድ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 31 ነው። ከጓደኞቼ ጋር ታይላንድ፣ ኮ ታኦ ደሴት ሄደን ዳይቪንግ ተማርን። በ4 ቀን 6 ጊዜ ጠለቅሁ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ጠልቄ፣ በጀልባ ኮ ሳሙይ ተሻግሬ፣ ማታውኑ በረርኩ። አዲስ አበባ ከገባሁ 3 ቀኔ ነው። ግራ ትከሻዬን ውስጥ ለውስጥ ይጠዘጥዘኛል፣ ጣቶቼም ይደነዝዛሉ። እናቴ ብርድ ነው ብላ ወጌሻ አሸኝ። ዲክሎፌናክ እየዋጥኩ ነው። የተሻለ ማስታገሻ አለ? ትናንት የቡና ስኒ ከእጄ አመለጠኝ።

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ማስታገሻ ነው። ያስፈራዎት ግን ስኒው ነው። «እጄ ሊከዳኝ ነው ወይ?» ማለትዎ ነው። ይህ ጠልቀው ሳይቆዩ በመብረር የሚመጣ ሕመም ነው፤ ይታከማል። ቀናት ዘግይተው ሕክምና ጀምረው የዳኑ ብዙ ናቸው። ስለዚህ አይደንግጡ፤ ግን ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ስደውልልዎ «ቅዳሜ እረፍት ነኝ፣ ያኔ እሄዳለሁ» አሉኝ። አይሆንም! 3 ቀን አባክነዋል፤ አራተኛውን አልፈቅድልዎትም።

የአምቦ ውሃ ክዳን በድንገት ሲከፈት እንዴት እንደሚፈላ ያውቃሉ። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሲተነፍሱ ናይትሮጅን ደምዎና ሥጋዎ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ በትንፋሽ እንዲወጣ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜውን ሳያገኝ ከፍታ ላይ ሲወጡ አረፋ ይሠራል። ዲኮምፕሬሽን ሲክነስ የሚባለው ይህ ነው። ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቃል፤ 24 ቢሆን ይመረጣል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ይሳሳል። አዲስ አበባም 2,300 ሜትር ገደማ ናት። አውሮፕላኑ ቦሌ አረፈ እንጂ ሰውነትዎ ገና ከፍታ ላይ ነው።

አሁን ስለ ብርድ። አንገት ሲደርቅ ብርድ፣ ወገብ ሲይዝ ብርድ፣ ፊት ሲጣመም ብርድ እንላለን። የኮ ታኦ ባሕር 28 እና 29 ዲግሪ ነው፤ ለብ ያለ ውሃ ነው። ብርዱ ከየት መጣ? ግማሽ ጎናቸው ከድቷቸው ለ4 ቀን ቪክስ ሲቀቡ የሰነበቱ እናት አክሜያለሁ። ስትሮክ ነበር። ቶሎ ቢመጡ ኖሮ ልረዳቸው እችል ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እናትዎን አልወቅስም፤ ልጃቸውን ወደው ነው። ነገር ግን የሚደነዝዝ ጣት ብርድ አይደለም። ዕቃ የሚጥል እጅ ብርድ አይደለም። እግር ሲከብድ፣ ሽንት አልወጣ ሲል፣ ሲራመዱ ሲያንገዳግድ፣ ያ ነርቭ ነው። ወጌሻ አረፋ አሽቶ አያወጣም። ዲክሎፌናክም ሕመሙን ቢያበርድ ነው እንጂ ሌላ አይሠራም።

ያሳመመኝ በኮ ታኦ፣ በሳይሪ ባሕር ዳርቻ የነበረው ጭፈራና ቢራ ነው ወይ ብለው ስልክ ላይ ጠይቀውኝ ነበር። መጠጥ ውሃ ያሳጣል፣ አይረዳም። ግን ጥፋቱ የበረራው ሰዓት ነው። ራስዎን በዚያ አያሰቃዩ።

ሲሄዱ መኪና አይንዱ። የዳይቪንግ መዝገብዎን ይያዙ፦ ስንት ሜትር፣ ስንት ደቂቃ፣ መጨረሻ ከውሃ የወጡት በስንት ሰዓት፣ አውሮፕላኑ የተነሣው በስንት። ለተረኛው ሐኪም ከሁሉ በፊት «ጠልቄ በርሬያለሁ» ይበሉት። ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል ወዲያው ያስጀምርዎ፤ ከዳይቪንግ ሐኪም ጋርም በስልክ ይመካከር። ለግፊት ሕክምና (ግፊቱ ከፍ ባለ ዝግ ክፍል ውስጥ ኦክስጅን መተንፈስ ነው) ወደ ሌላ አገር ቢላኩ እንኳ በራስዎ ውሳኔ ቲኬት አይቁረጡ፤ አበራረሩን ሐኪሞቹ ይወስኑ። እንደደረሱ ይደውሉልኝ፣ ስልኬ ክፍት ነው።