ወደ ማንሃተን የሚያስገቡ ዋሻዎችና አውራ ጎዳናዎች፦ ጥያቄና መልስ

ማንሃተን ደሴት መሆኗን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የመሻገሪያ ክፍያ ሲጠየቅ ነው። በምዕራብ ሀድሰን፣ በምሥራቅ ኢስት ሪቨር፣ በሰሜን ሃርለም የሚባሉ ወንዞች ከበዋታል። እኔ የትራፊክ መሐንዲስ ነኝ፤ የምኖረውም ከሀድሰን ሥር ወደ ማንሃተን ከሚያስገባው ከሆላንድ ዋሻ ማዶ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ባለችው ጀርሲ ሲቲ ነው። ስለ ዋሻዎቹና ስለሚያገናኟቸው መንገዶች የመጣላችሁን ጠይቁ። ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጆች፣ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ። የቅጣት ደረሰኝ ይዞ የሚመጣ ግን ሌላ በር ያንኳኳ፤ እኔ መሰረዝ አልችልም።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ኒው ዮርክ ስንነዳ ስልካችን አንድ ጊዜ በሆላንድ፣ ሌላ ጊዜ በሊንከን ዋሻ ይመራናል። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ የሚወስነው መድረሻችሁ ነው። ኒው ጀርሲ ተርንፓይክ በሚባለው ባለ ክፍያ አውራ ጎዳና ስትመጡ መውጫ 14ሲ ወደ ሆላንድ፣ መውጫ 16ኢ ወደ ሊንከን ይወስዳል። ሆላንድ ከከተማዋ ደቡብ፣ ካናል ጎዳና አጠገብ ያወጣችኋል። ሊንከን ደግሞ መሀል ከተማ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ። ዘመዳችሁ ብሮንክስ ከሆነ ሁለቱንም ተዉና በጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ ግቡ። ብሩክሊን ከሆነ ደግሞ ማንሃተንን ጨርሶ አትርገጧት፤ በመውጫ 13 በጎታልስ ድልድይ ወደ ስታተን አይላንድ፣ ከዚያ በቬራዛኖ ድልድይ ተሻገሩ። ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ፤ ካናል ጎዳና ላይ ቆሞ ከመዋል ግን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ ዋሻው ውስጥ ስገባ ትንፋሼን እይዛለሁ። ውሃው ከላያችን ስንት ሜትር ነው? ቢቀደድስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ተንፍሺ፤ አየሩ ተከፍሎበታል። የሆላንድ ዋሻ በጣም በሚጠልቅበት ቦታ ከውሃው ገጽ 28 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ነገር ግን ቱቦው ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለ አይደለም፤ ከወንዙ ወለል በታች በጭቃና በዐለት ውስጥ ተቀብሯል። በብሎን የተያያዙ የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ ከውስጥ ደግሞ በኮንክሪት ተለብጠዋል። በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ዋሻው በእርግጥ በውሃ ተጥለቀለቀ፣ ለመኪኖች ሁሉ እስኪከፈትም ከሳምንት በላይ ወሰደ። ይሁን እንጂ አንድም ቦታ አልተቀደደም። ውሃው እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ በበሩ ነው የገባው። የሊንከን ዋሻ አፉ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ በዚያው ሌሊት እንኳ አልተዘጋም። እንግዲህ የዋሻ ጣጣ አብዛኛውን ጊዜ ከአፉ እንጂ ከሆዱ አይደለም። የትራፊኩንም ነገር ስንደርስበት እንዲሁ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ያን ጊዜ ዘመናዊ መቆፈሪያ አልነበረም። ከወንዝ ሥር እንዴት ቆፈሩት?

መልስ፦ ጋሻ በሚባል ግዙፍ የብረት ሲሊንደር ነው። ጋሻው በሃይድሮሊክ ክንድ እየተገፋ ጭቃውን ሰንጥቆ ይገባል፤ ከኋላው ሠራተኞች የብረት ቀለበት ይገጥማሉ፤ ከዚያ ክንዶቹ የተገጠመውን ቀለበት ተደግፈው እንደገና ይገፋሉ። ውሃው እንዳይገባ የሥራው ክፍል በታመቀ አየር ይሞላል። ቆፋሪዎቹ ሲገቡም ሲወጡም የአየር ግፊቱ ቀስ በቀስ በሚስተካከልበት ክፍል ውስጥ መቆየት ነበረባቸው፤ ተቻኩሎ የወጣ ሰው ደሙ ውስጥ የናይትሮጂን አረፋ ይፈጠርና መገጣጠሚያው በሕመም ይያዛል።

ዋና መሐንዲሱ ክሊፈርድ ሆላንድ ቢሮ ተቀምጦ የሚያዝ ሰው አልነበረም፤ እዚያው ጭቃ ውስጥ ይውል ነበር። ጤናው ተጎድቶ በሚሺጋን ማገገሚያ ገባና በጥቅምት 27 ቀን 1924 በ41 ዓመቱ አረፈ። ከኒው ዮርክና ከኒው ጀርሲ በኩል የሚቆፍሩት ሁለት ቡድኖች ከወንዙ ሥር የተገናኙት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የተዘጋጀው ድግስ ተሰረዘ፤ ዋሻውም በስሙ ተጠራ። ተተኪው ሚልተን ፍሪማን ደግሞ በወራት ውስጥ በሳንባ ምች ሞተ። ሥራውን የፈጸመው በትውልዱ ኖርዌያዊ የሆነው ኦለ ሲንግስታድ ነው። ዋሻው በኅዳር 13 ቀን 1927 ተከፈተ፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ51,000 በላይ መኪኖች አለፉበት። ክፍያው 50 ሳንቲም ነበር።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ እኛ የምናውቀው ዋሻ ጣሊያን የሠራው የጣርማ በር ዋሻ ነው። ማራገቢያ ሲባል አልሰማሁም፣ ሰውም በጭስ አልሞተም። የሆላንድ ዋሻ ማራገቢያ ለምን እንዲህ ይወራለታል?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ጣርማ በር ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ሁለቱም አፎቹ ተራራ ላይ ናቸው። የደብረ ሲና ነፋስ ደግሞ ማንንም አይለምንም፤ ገብቶ ይጠርገዋል። የሆላንድ ዋሻ አንዱ ቱቦ 2.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሀሉም ጎድጓዳ ነው። ጭሱ እዚያ ይተኛል። በዚያ ላይ መኪኖቹ ተራ በተራ የሚያልፉ ሳይሆኑ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተጣብቀው የሚሳቡ ናቸው።

ከዚያ በፊት ከሀድሰን ሥር የባቡር ዋሻዎች ተሠርተው ነበር፤ ባቡሮቹ በኤሌክትሪክ ስለሚሄዱ የጭስ ችግር አልነበረባቸውም። ቤንዚን የሚያቃጥል መኪና ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል፤ ሽታ የለውም፣ ሰውን ያደነዝዝና ይገድላል። ስንት መጠን እንደሚጎዳ በውል የሚያውቅ ስላልነበረ ሙከራ ተደረገ። በየል ዩኒቨርሲቲ ፈቃደኛ ሰዎች አየር በማያሳልፍ ክፍል ገብተው ተለክቶ የተቀላቀለ ጋዝ ተነፈሱ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ብሩስተን በሚባል ቦታ ከመሬት በታች ክብ የሙከራ መንገድ ተሠርቶ መኪኖች እየዞሩ ተነዱበት። በመጨረሻ ከ10,000 እጅ አየር ውስጥ ጋዙ ከ4 እጅ እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ቀጥሎ የመጣው አየሩን የማስገባት ጥያቄ ነው። ከአንዱ አፍ ነፍቶ በሌላው ማስወጣት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ርዝመት በቂ አየር ለማሳለፍ ዋሻው ውስጥ ማዕበል የመሰለ ንፋስ ያስፈልጋል፣ እሳት ቢነሣም ነበልባሉን ከመኪና ወደ መኪና ይነዳዋል። ስለዚህ አየሩን በቁመት ሳይሆን ከታች ወደ ላይ አስኬዱት። በሚቀጥለው ጉዞህ የመንገዱን ጠርዝ ተመልከት፤ ከእግረኛ መሄጃው ሥር ጠባብ ስንጥቆች ታያለህ። ንጹሕ አየር ከመንገዱ በታች ካለው ቦይ በእነዚያ ይወጣል። የተበከለው ደግሞ በጣሪያው ቀዳዳዎች ተስቦ ከጣሪያው በላይ ባለው ሌላ ቦይ ይሄዳል። ሥራውን የሚሠሩት በወንዙ ሁለት ዳርቻዎች በቆሙ 4 ሕንፃዎች ውስጥ ያሉ 84 ማራገቢያዎች ናቸው፤ ግማሾቹ ይነፋሉ፣ ግማሾቹ ይስባሉ። የዋሻው አየር በየ90 ሰከንዱ ይታደሳል። ከዚያ በኋላ በዓለም ዙሪያ የተሠሩ ረጃጅም የመኪና ዋሻዎች ብዙዎቹ ከዚህ ተምረዋል።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ከሚለፉ ድልድይ ቢሠሩስ?

መልስ፦ በደሴቷ ደቡብ ትልልቅ መርከቦች ያልፋሉ። ለእነሱ ከፍታ የሚበቃ ድልድይ መወጣጫው ብቻ ብዙ ሠፈር ይበላል፤ መሬቱም ውድ ነው። በሰሜን ግን ዳርቻው ገደል ስለሆነ ድልድይ ተቻለ፤ ጆርጅ ዋሽንግተን በ1931 ተከፈተ።

ጥያቄ (የጭነት መኪና ሹፌር)፦ ባለ አምስት አክስል (የጎማ ዘንግ) ተሳቢ ይዤ በሆላንድ ማለፍ እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም፤ አራትና ከዚያ በላይ አክስል ያለው የጭነት መኪና አይገባም፣ ሌላም የከፍታና የጭነት ገደብ አለ። ተቀጣጣይ ጭነትማ አይታሰብም። በግንቦት 1949 በርሜል ሙሉ ካርቦን ዳይሰልፋይድ የጫነ መኪና ምንም ምልክት ሳይለጥፍ ገብቶ ዋሻው ውስጥ ተቀጣጠለ። 66 ሰዎች ተጎዱ፣ ጣሪያው ተደረመሰ፣ የጭነት መኪኖች ተቃጠሉ። ማራገቢያዎቹ ጭሱን ወደ ላይ እየሳቡ ባያወጡት ኖሮ የሟቹ ብዛት ሌላ ነበር። አንተ በጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ ሂድ። ወደ ጀርሲ ሲቲ ስትመጣ ፑላስኪ ስካይዌይ የሚባለውንም ተጠንቀቅ፤ ለዚሁ ዋሻ መጋቢ ተብሎ በ1932 የተከፈተ መንገድ ነው፣ ከ1934 ጀምሮ ግን ለጭነት መኪና የተከለከለ ነው።

ጥያቄ፦ ካርታ ላይ አውራ ጎዳና 78 ከፔንሲልቬኒያ ተነሥቶ ይመጣና ዋሻውን ሲወጣ ድንገት ይጠፋል። ተረስቶ ነው?

መልስ፦ አልተረሳም፤ ተቃውሞ ነው ያስቆመው። ሮበርት ሞዝስ የተባለው ኃያል ባለሥልጣን ዋሻውን ከማንሃተንና ከዊሊያምስበርግ ድልድዮች ጋር የሚያገናኝ ከፍ ያለ ፈጣን መንገድ በደሴቷ ወገብ ላይ ሊዘረጋ አቅዶ ነበር። በመሐንዲስ ዓይን ካየኸው ዕቅዱ ያለ ጥርጥር ክፍተቱን ይደፍናል። ነገር ግን ሶሆና ሊትል ኢታሊ በሚባሉት ሠፈሮች ብዙ ቤተሰብና ብዙ ሱቅ ያፈርስ ነበር። ነዋሪው ተነሣ፤ ከመሪዎቹ አንዷ ጄን ጄኮብስ በ1968 በሕዝብ ስብሰባ ላይ ተያዘች። በ1969 ከንቲባ ሊንድሲ ዕቅዱ ማብቃቱን አስታወቁ። መሀል ከተማ ላይም ሊንከንን ከኩዊንስ ሚድታውን ዋሻ ጋር ሊያገናኝ የታሰበው መንገድ እንዲሁ ቀረ። ዛሬ ደሴቷን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ሰሜን ጫፍ ላይ ያለው 95 ብቻ ነው።

ውጤቱን ካናል ጎዳና ላይ ታየዋለህ። ከዋሻው የወጣ መኪና አንድ አደባባይ ላይ ይፈስና ወደ ማንሃተን ድልድይ ለመድረስ ከእግረኛው፣ ከሱቅ ጭነት አውራጁና ከትራፊክ መብራቱ ጋር ይጋፋል። በጀርሲ ሲቲ በኩልም ያው ነው፤ ይኸው አውራ ጎዳና በ12ኛና በ14ኛ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት እያስቆመው ያልፋል። ሁለት መስመር ያለው ቱቦ የሚያሳልፈውን መኪና በደህና ያሳልፋል፤ የሚቀበለው የለም። እኔ በሙያዬ መንገድ መሥራት እወዳለሁ፤ ያ መንገድ ባለመሠራቱ ግን አላዝንም። መኪናው የሚቆምባት ከተማ መኪናው ከሚያፈርሳት ትሻላለች።

ጥያቄ፦ ስንገባ እንከፍላለን፣ ስንወጣ ነጻ ነው። ለምን?

መልስ፦ ከ1970 ጀምሮ የሀድሰን መሻገሪያዎች ክፍያ ወደ ኒው ዮርክ በሚገባው ብቻ ላይ ሆነ። የገባ ይወጣል ተብሎ ነው፤ ግማሹ የክፍያ ወረፋም ይቀራል። ጣጣው የመጣው በ1986 ቬራዛኖ ድልድይም በአንድ በኩል ብቻ፣ ያውም ወደ ስታተን አይላንድ በሚሄደው ላይ ብቻ ማስከፈል ሲጀምር ነው። የብሩክሊን የጭነት መኪና ሹፌር ሒሳቡን ቶሎ ገባው፤ በነጻው የማንሃተን ድልድይ፣ በካናል ጎዳና፣ በነጻ መውጫው ሆላንድ ዋሻ አድርጎ ኒው ጀርሲ ይገባል። ለአንዲት ሳንቲም ቁጠባ አንድ ሠፈር ለአሠርት ዓመታት ጭስ ታጠነ። ቬራዛኖ በሁለቱም በኩል ማስከፈል የጀመረው በታኅሣሥ 2020 ነው።

ጥያቄ፦ አሁን ደግሞ 9 ዶላር ተጨመረ። የዋሻውን ከፍዬ እንደገና?

መልስ፦ አዎን። ከጥር 5 ቀን 2025 ጀምሮ ከ60ኛ ጎዳና በታች የገባ የቤት መኪና ኢዚፓስ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መክፈያ ካለው በቀን አንድ ጊዜ 9 ዶላር ይከፍላል። ሰዓቱ በሥራ ቀን ከንጋቱ 11 እስከ ምሽቱ 3፣ ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 3 ነው፤ ከዚያ ውጭ 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም። በሆላንድ ወይም በሊንከን በዚያ ሰዓት የገባ 3 ዶላር ይቀነስለታል። ታክሲ የምትነዱ ወንድሞች፣ እናንተ ላይ በየጉዞው 75 ሳንቲም፣ በስልክ በሚጠራው ላይ 1 ዶላር ከ50 ነው፤ የሚከፍለውም ተሳፋሪው ነው። እኔ ክፍያውን እደግፋለሁ፤ ጎዳናውን ማስፋት ካልተቻለ የሚቀረው የሚገባውን መቀነስ ነው።

ጥያቄ፦ መኪና የሌለንስ?

መልስ፦ እናንተ ናችሁ ብልሆቹ። በሊንከን ዋሻ መግቢያ ከ1970 ጀምሮ ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ከሚወጣው መኪና አንድ መስመር ተወስዶ ለሚገቡ አውቶቡሶች ብቻ ይሰጣል። 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና ውስጥ ብቻውን የተቀመጠው ሰውዬ ቆሞ ሳለ አውቶቡሶቹ ተከታትለው ሲያልፉት ማየት ያስደስታል፤ ክፋት ከሆነ ይቅር በሉኝ።

ጥያቄ፦ በብስክሌት በሆላንድ ዋሻ መሻገር ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ በእግርም አይቻልም። በጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ ላይ ግን የብስክሌት መንገድ አለ። ከጀርሲ ሲቲ ከሆንክ ያ ሩቅ ስለሆነ ብስክሌትህን ፓዝ ባቡር ላይ ይዘህ ግባ፤ ሰው ሥራ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ብቻ አይፈቅዱልህም።