በ8 ሰዓት የመጣችው ሴት

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቱ ነው። «ጋሼ፣ ለነፍሰ ጡሮች አፕ እየሠራሁ ነው። ምን ምን ላስገባበት?» አለኝ። ዝም አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ሁለቴ «ሃሎ» አለ።

ትዝ ያለኝ የድሮ ጥፋቴ ነው። ለአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ የቀጠሮ መልእክት በስልክ እንልክ ነበር። ጽሑፉን ያጸደቅኩት እኔ ነኝ፦ «ቀጠሮዎ ነገ 8:00 ነው።» ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ቢሮ ውስጥ ለምደነው ስለነበር ልብ ያለው ሰው የለም።

አንዲት የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት በ8 ሰዓት መጣች። በእኛው 8 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ። ከሁለት ሰዓት በላይ በእግሯ ተጉዛለች። የእርግዝና ክትትል ደግሞ ጠዋት ብቻ ነው። ለጉብኝት ሄጄ ስለነበር በሩ ላይ አገኘኋት። ስልክ የላትም። ያስመዘገበችው የባሏን ወንድም ቁጥር ነው። መልእክቱን አንብቦ የነገራት እሱ ነው። ማርገዟን ገና ለቤተሰቡ አልተናገረችም ነበር። እኛ ተናገርንላት።

ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ «ነገ በጠዋት ነይ» አልኳት። «እሺ» አለች። አልመጣችም። ቤቷ ወለደች፤ ብዙ ደም ፈሷት እንደነበር የሰማሁት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነው።

ከወራት በኋላ ከሠራተኛዋ ጋር ሴትየዋ ቤት ሄድን። ቡና አፈላች። በረካውን ሳልጠጣ መነሳት የለም ተባልኩ፤ ጨጓራዬን ማን ይጠይቀው! ሲያማት መጀመሪያ የምታማክረው ማንን እንደሆነ ጠየቅኳት። አጠገቧ ወደተቀመጠችው ጎረቤቷ ጠቆመች። ቀጥሎ ጠበል ነው። ከዚያ መድኃኒት የሚሸጠው ሰውዬ። ጤና ጣቢያው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛን መልእክት አልጠቀሰችውም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ቡና ጠጡ። ስልኩ የማን እንደሆነም ጠይቁ። እናንተ ሰው ሁሉ የራሱ ስልክ ያለው፣ ሁሉን ነገር ቲክቶክ ላይ የሚፈልግ ይመስላችኋል።

ግን እኔም አላበዛው። በ952 ስለ ኤችአይቪ በነፃ ይደወል በነበረበት ጊዜ፣ ሰው ለጎረቤት የማይተነፍሰውን ለማያውቀው ድምፅ ይናገር ነበር። ጎረቤት ያልኳችሁም ለሁሉም ነገር አይሆንም።

ለልጁ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። «ሰዓቱን በስንት ነው የምትጽፈው?» ብቻ አልኩት።

«እሱን ስልኩ ራሱ ያወጣዋል፣ ጋሼ።»