እማማን ጠይቋቸው

ልጆቼ፣ ሽማግሌ ሲገባ «ኖር» ብላችሁ ከመቀመጫችሁ ትነሣላችሁ። ታክሲ ውስጥ ቦታ ትለቃላችሁ። ጉልበት የምትስሙም አላችሁ። በዚህ አትታሙም። ግን ካስቀመጣችኋቸው በኋላ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ገንዘባቸውና ስለ ሕክምናቸው ስትመካከሩ ሐሳባቸውን የሚጠይቃቸው የለም።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በጥብቅና ነው። ይህን ነገር በደንብ ያየሁት ውክልና ሲዘጋጅ ነው። ልጅ እናቱን ደግፎ ያመጣል። ወንበር ይስብላቸዋል፣ ነጠላቸውን ያስተካክልላቸዋል። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ የእሱ ነው። «ስምዎ ማን ነው?» ብዬ እሳቸውን ስጠይቅ እንኳ የሚመልሰው እሱ ነው። አንድ ቀን ረቂቁን ጮክ ብዬ ሳነብ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዋስትና ማስያዝ» የሚለው ላይ ስደርስ እናትየዋ ቀና አሉ። «ቆይ እስቲ፣ የቱ ቤት ነው የሚሸጠው?» ልጁ ቀደመኝና «እማዬ፣ ለፎርማሊቲ ነው፣ ፈርሚ በቃ» አላቸው።

ክፉ ልጅ አልነበረም። የመድኃኒታቸውን ሰዓት በስልኩ አላርም ሞልቶ የሚከታተል ልጅ ነው። እናቱ በቤቱ ጉዳይ የራሳቸው ሐሳብ ይኖራቸዋል ብሎ ግን አላሰበም። ያን ቀን ሳይፈርሙ ሄዱ።

ሕጉን ማወቅ አይጎዳችሁም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እርጅናን ብቻውን ችሎታ ማሳጫ አላደረገውም። የሰማንያ ዓመት ሰው በፍርድ ካልተከለከሉ በስተቀር ቤታቸውን የመሸጥም ያለመሸጥም መብት አላቸው። ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም፤ በግልጽ የተጻፈ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ውክልና የሰጠ ሰው ደግሞ በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል። ይህንን ለአያቶቻችሁ ንገሯቸው። ብዙዎቹ አንዴ ከፈረሙ በኋላ መመለሻ ያለው አይመስላቸውም። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ አዲስ አበባ ያጸደቀው የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮልም ስለ ራሳቸው ኑሮ የመወሰን መብታቸውን ለብቻው አንቀጽ ሰጥቶ አስቀምጦታል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላል። በዚህ ልጁን የሚከስ ወላጅ ግን ከስንት አንድ ነው። «የወለድኩትን ፍርድ ቤት አላቆምም» ይላሉ፣ ጦማቸውን እያደሩ።

ውጭ ያላችሁትም አላችሁበት። ከዲሲና ከሪያድ በቫይበር ተሰብስባችሁ «ግቢው ሰፋባት፣ ኮንዶሚኒየም ይሻላታል» ትላላችሁ። ይሻላቸው ይሆናል። ብሩንም የምትልኩት እናንተ ናችሁ፣ አልካድኩም። ግን ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ ጉልበት የሚያማት ሴት በቀን ስንቴ ትወጣለች? እድራቸው፣ የጽዋ ማኅበራቸው፣ ቡና የሚጠራሯቸው ጎረቤቶቻቸውስ? እነዚህን ነገሮች የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ስልኩ ላይ እሳቸውንም አስገቧቸው።

ሐኪም ቤት ወይም ባንክ ስትወስዷቸው ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው እናንተን እያየ መጠየቁ አይቀርም። «እሳቸውን ይጠይቋቸው» በሉት። ቀስ ብለው ቢመልሱም አትቅደሟቸው። የሚስጥር ቁጥራቸውን በቃላችሁ አትያዙ። ከተቸኮላችሁ ደግሞ ሌላ ቀን ውሰዷቸው።